የመፀው ወራት በሐይቅና በአምባሰል፤ ስለ አውድማና ስለ ተማሪ ቤት

ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ክፍል ይከፈላል፤ ከነዚሁም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ክፍል መፀው ይባላል። ብዙ ሰው ሜዳው በአበባ ሲያጌጥ አይቶ ይህን ወራት ጸደይ ይለዋል። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አቈጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። ባላገሩ ወራቱን የሚያውቀው በሥራው ስለ ሆነ ስሙ ቢሳሳት የሚጐዳው ነገር የለም። በክረምት ባዶውን የቀረ ጎተራ የሚሞላው፤ ወይም ሳይሞላ የሚቀረው፤ በነዚህ ዘጠና ቀኖች ውስጥ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ተማሪ ቤት የሚከፈተውም በመስከረም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሕፃናቱ ጠጕራቸውን ተላጭተው፤ ልብሳቸውን አጥበው ይመጣሉ፤ ወንበሩም ይጠባቸዋል። ጥቅምት ሲገባ ግን ከኋላው ረድፍ ጀምሮ መሳሳት ይጀምራል። በኅዳር እኩሌታ አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ ያንሳል፤ በመዝገቡም ላይ የቀሪ ምልክት ይበዛል። አስተማሪው ይህን ነገር ስንፍና ነው ብሎ ቢተረጕመው ተሳስቷል፤ አባትየውም ተማሪ ቤት ጕልበት ነጣቂ ነው ብሎ ቢያስብ እንደዚሁ ተሳስቷል። ሁለቱም የሚሹት ያንኑ አንድ ልጅ ነው። አንዱ በሌላው የሚቈጣው ሥራውን ከቅርብ ስላላየ ስለ ሆነ አስቀድሞ የባላገሩን ቤት በመፀው ወራት መመልከት ያሻል።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፤ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለ ከተማ ነው። ስሙን ያገኘው አጠገቡ ካለው ውሃ ነው። በዚህም ውሃ ውስጥ የዙሪያው ጅረቶችና ከሐርድቦ ሐይቅ የሚመጣው የአንቋርቃ ወንዝ ይገቡበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የአምባሰል ተራራ ይነሣል፤ ውጫሌም በዚያ ነው። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ ያለውም በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው። ከበዓሉ የሚመለሰው መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው ሰብል ገና ለጋ ነው። በዚህ አገር ሰው ከጧት እስከ ማታ ቢጓዝ ከቆላ ተነሥቶ ደጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ገብሱና ስንዴው፤ ጤፉና ማሽላው በየከፍታው ይዘራሉ፤ የሚደርሱበትም ቀን የተለያየ ነው። የላይኛው አገር ሰው አጭዶ ሲጨርስ ወደ ታች ወርዶ ወገኑን መርዳት የሚችለው ስለዚህ ነው።

አንድ ቤት በምሳሌ ይታይ። ቤቱ ከአምባሰል ግርጌ፤ በወይና ደጋ ላይ ያለ ነው። አባትና እናት፤ አራት ልጆች፤ ሁለት ጥማድ ወይም ግማሽ ሔክታር ያህል መሬት፤ አንድ በሬ፤ አንዲት ላም፤ ጥቂትም ፍየሎች አሉት። ሁለተኛውን በሬ የሚያገኘው ከጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ ነው። በአንደኛው ጥማድ ጤፍ፤ በሁለተኛው ማሽላ ተዘርቷል። የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ተከታዩ ወንድ ልጅ ዐሥራ ሁለት፤ ሦስተኛው ዘጠኝ ሆኖታል፤ አራተኛው ገና በእናቱ ጀርባ ላይ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ በዚህ ቤት ያለው እህል ከጎረቤት የተበደሩት ነው። እናቲቱ የጓሮ ጐመንና ዱባ እየቀቀለች ቀኑን ታሳልፋለች። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አነጋገር አባትየው የሚያነሣው ለቀልድ ነው እንጂ አጥንቱ ከየት እንዲመጣ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በጓሮ ያለው በቆሎ እሸት ይደርሳል። የመጀመሪያው እሸት በፍም ላይ ሲጠበስ ሽታው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከጎረቤት ያልደረሰለት ቢኖር ይላክለታል። ለሕፃናት ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነው።

እሸቱ ግን ጠላት አለው። ማሽላው ወተት ከያዘበት ቀን ጀምሮ ጠባቂ ያሻዋል። በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅም ወንጭፍና ጠጠር ይዞ ጎሕ ሲቀድ ይወጣበታል። ቀዝቃዛው የጥቅምት ንጋት በቀጭን ልብስ ያልፋል። ግሪሳ የተባለው ወፍ መንጋውን ይዞ ቢያርፍበት የአንድ ቤት የዓመት ምግብ በጥቂት ቀን ውስጥ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዝንጀሮውም ከገደሉ ይወርዳል፤ ሰው የሌለበትን ሰዓት ያውቃል፤ ሴትና ሕፃን ሲያይም እንደ ወንድ አይፈራም።

እንግዲህ አስተማሪው ቀሪውን ልጅ ፍለጋ ወደ እርሻው ሄዶ ከማማው ሥር ቢቆምና አባትየውን «ልጁን ለቅዳሜና ለእሑድ ብቻ ቢያደርጉትስ?» ብሎ ቢጠይቀው፤ አባትየው «መምህር፤ ዝንጀሮ ቅዳሜና እሑድን መርጦ አይመጣም» ብሎ ይመልስለታል። ይህም መልስ እውነት ነው። ነገር ግን አስተማሪው በማማው ሥር አንድ ቀን ቢውል ሌላም እውነት ያያል። ወፉ አጥብቆ የሚበላው ጧት ፀሐይ ከወጣች በኋላና ማታ ከመጥለቋ በፊት ነው፤ በቀትር ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ጥላ ገብቶ ያርፋል። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ይደወል የነበረው ደወል በነዚህ ጥቂት ሳምንቶች በአራት ሰዓት ቢደወል፤ የወፍ ጠባቂው ልጅ ከማማው ወርዶ ሊማር ይችላል። ለዝንጀሮው ግን ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም እርሻቸው የተዋሰነ ጎረቤቶች ተራ ቢገቡ የማይቻል አይደለም። አሥር ልጆች በአሥር ማማ ላይ ከሚውሉ ሁለት ጎልማሶች በእግር እየዞሩ ቢጠብቁ ይሻላል።

ከወፍና ከዝንጀሮ የሚከፋ መፀውም አለ። በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ አገሮች፤ በወሎም፤ በደረሰ ሰብል ላይ ወረደ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል እንደሚበላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይናገራል። ያን ጊዜ ተማሪ ቤቶች በኮሮና በሽታ ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግተው ቆይተው በጥቅምት ገና መከፈታቸው ነበር፤ ሕፃናቱም ጣሳ እየመቱ፤ ጅራፍ እያጮሁ ከወላጆቻቸው ጋራ በእርሻ ላይ ዋሉ። በዓመቱ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መፀው ጦርነት በዚሁ አገር አለፈ፤ ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ቤተ ሰብም የደረሰውን ሰብል በማሳው ትቶ ተሰደደ። በእነዚያ ሁለት ዓመቶች ፊደል መቍጠር የጀመረ ሕፃን ዛሬ በንባብ ወደ ኋላ ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን አስተማሪው ያስብለት።

የጥንቱም እንዲሁ ነው። ውጫሌ በታሪክ የምትጠራው በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ነው። የታሪክ መምህራን ስለ 17ኛው አንቀጽ ብዙ ያስተምራሉ። በዚያው ዘመን፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፤ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው ሳይታረስ ስለ ቀረው መሬት ግን የሚናገሩ ጥቂቶች ናቸው። በሬ በሌለበት ዓመት መፀው ቢመጣ የሚታጨድ የለም። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ተነግሯል፤ ይህንም ለልጆች መንገር ደግ ነው፤ ዕውቀት ለበሬ የሚጠቅም መሆኑን ያሳያልና።

ኅዳር ሲገባ ማጭድ ይሳላል። ከሰብል ሁሉ የሚያስቸግረው ጤፍ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ፤ ሺሕ ፍሬው ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ከደረሰ በኋላ ቢቆይ ይረግፋል። ነፋስ ቢመታው ይጋሽባል። ያለ ወራቱ የመጣ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ነዶው ሻግቶ ገበያ የማይቀበለው ይሆናል። ስለዚህ ባላገሩ በኅዳር ሰማዩን እንደሚያይ መርከበኛ እንኳ አያይም። በምሥራቅ በኩል ደመና ከታየ ያን ቀን ማን ቀረ፤ ማን መጣ የሚባል ነገር የለም፤ እጅ ያለው ሁሉ ያጭዳል።

ደቦ የሚጠራው በዚህ ጊዜ ነው። በሐይቅና በአምባሰል እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ዘመድ ውስጥ ስለሚኖር የደቦው ቀን ሲቈረጥ የሁለቱም በዓል ይታሰባል። ክርስቲያኑ በ12 የሚካኤልን፤ በ21 የማርያምን ያከብራል፤ እስላሙ ዐርብ ለስግደት ይሄዳል። ለአንዱ በዓል በሆነው ቀን ሌላው ይደርስለታል፤ ምግቡም ሁለቱን እንዲስማማ ሆኖ ይዘጋጃል፤ ለአንዱ ጠላ፤ ለሌላው ቀሪቦ ይቀርባል። አጫጆቹ በረድፍ ገብተው አንዱ ሲያወርድ ሌላው ይቀበለዋል፤ አምባሰል የተባለው ቅኝት ስሙን ከዚህ ምድር ያገኘ ነውና ዜማው በቤቱ ነው።

የሚያዩት አጫጆቹን ነው። ሃያ ሰው የሚበላውን እንጀራ የጋገረችውን ግን ማንም አያይም። ከደቦው ቀን አስቀድሞ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፤ ሌሊቱን ከእናቷ ጋራ ምጣድ ላይ ታድራለች፤ በቀኑም ምሳውን ተሸክማ ወደ እርሻ ትወርዳለች። በማግስቱ ወደ ተማሪ ቤት ብትመጣ እንቅልፍ ይጥላታል። በመዝገቡ ላይ «ተገኘች» ተብሎ ይጻፍላታል፤ ያን ቀን የተማረችው ግን ምንም የለም። የወንዱ መቅረት በማማው ላይ ከሩቅ ይታያል፤ የሴቲቱ መቅረት በጭስ የተሸፈነ ስለ ሆነ አስተማሪው ከወንዱ ይልቅ ስለ እርሷ አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዐጨዳው በኋላ ነዶው ይከመራል፤ አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል። በሬዎቹ ይነዳሉ፤ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ከኋላቸው ይዞራል፤ ለእርሱ ይህ ሥራ ጨዋታ ነው። ነፋስ ሲመጣ አባትየው በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ገለባውን ከፍሬው ይለያል። ነፋሱ እኩለ ሌሊት ቢመጣ ሥራው እኩለ ሌሊት ነው።

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። ዓመቱ ደኅና ሆኖ ከጤፉ 4 ኩንታል፤ ከማሽላው 6 ኩንታል ተገኘ ቢባል፤ ከጤፉ አንዱ ኩንታል ለማዳበሪያ ዕዳና ለግብር ይሸጣል፤ አንዱ ለዘር፤ ለበዓልና ለእንግዳ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ተሽጠው ልብስ፤ ጨው፤ በርበሬ፤ መድኃኒትና ደብተር ይሆናሉ። ስድስቱ ሰው ዓመቱን የሚበሉት ማሽላውን ነው። ለአንድ ሰው አንድ ኩንታል ተኩል ቢመደብ 9 ኩንታል ያሻል፤ እንግዲህ 3 ኩንታል ጎደለ። ይህ የጎደለው በክረምት ከገበያ ይገዛል። በታኅሣሥ ባለ ዕዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ እህሉን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይረክሳል፤ በሐምሌ ሁሉም ገዢ በሆነ ጊዜ ይወደዳል። ያው ሰው በርካሽ ሸጦ በውድ ይገዛል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ የአምባሰል ልጅ ከመጽሐፉ ሒሳብ ይልቅ ፈጥኖ ይገባዋል፤ መልሱንም ማታ ለአባቱ ይነግረዋል።

ነገሩ ከአንድ ቤት አልፎ ለአገርም የሚጠቅም ሒሳብ ነው። የሕንድ አገር ሰው የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኃብ መርምሮ ጽፏል። በጽሑፉም እንዳሳየው በዚያ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ የነበረው እህል ከወትሮው እጅግ ያነሰ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚገመተው አልናረም። የወሎ ባላገር ግን ሰብሉ በእርሻው ጠፍቶበት፤ ከብቱም ረክሶበት የሚገዛበት ገንዘብ አጣ፤ እህል ከወሎ ወደ ሌላ አገር እየተጫነ እርሱ በጎዳናው ዳር ሞተ። የዚያ ዘመን ሽማግሎች ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚሁ ጎዳና ያዩትን ያውቃሉ።

በታኅሣሥ እህል ሲሸጥ የሚዛኑን ቍጥር የሚያነብ ልጅ ከአባቱ ጎን ቢኖር፤ የብድሩ ውል ሲጻፍም ከመፈረም በፊት የሚያነብለት ቢኖር፤ ያ ቤት ብዙ ነገር ይተርፍለታል። ንባብ የሚያውቁ ሽማግሎች ለጎረቤታቸው ውል ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና ለዚህ ምስክር አያሻም።

በታኅሣሥ መጨረሻ ለሽማግሎች ሌላ መልእክት ይመጣላቸዋል። እህል ስለ ገባ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በዚያ ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለች፤ ሽማግሌ ይላካል። የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል፤ የአማራ ክልልም የቤተሰብ ሕግ እንደዚሁ ነው። አባትየው «ዕድሜዋ ደርሷል» ቢል የልጅቱ ዕድሜ በተማሪ ቤቱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የተላከው ሽማግሌ ደጅ ከማንኳኳቱ በፊት ይህን መዝገብ ቢያይ ማንም አይነቅፈውም።

የመከርንና የትምህርትን ጊዜ ማስታረቅ በዚህ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በስኮትላንድ ድንች በሚለቀምበት በጥቅምት ወር ተማሪ ቤቶች እየተዘጉ ልጆች ለለቀማ ይሄዱ ነበር፤ ያ የዕረፍት ጊዜ እስከ ዛሬ በጥቅምት ቀርቷል። በኢትዮጵያም አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተባለው ሥርዓት የመማሪያውን ሰዓት ከመንደሩ ሰው ጋራ ተመካክሮ እንዲወስን ሆኖ የተሠራ ነው። ከዚህም አስቀድሞ በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ፤ ከዚያም ወዲህ በየደብሩ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ፤ በየመንደሩም ደረሳው ከሼሁ ሥር ቁርኣን ሲቀራ፤ ሁለቱም የሚበሉት ከባላገሩ አውድማ የወጣውን ነበር። በጥንቱ ዘመን የሌላ አገር ልጅ እንዲማር እህሉን የሰጠ ገበሬ ዛሬ የገዛ ልጁን ሰዓት ቢጠየቅ አይከፋውም፤ በትሕትና መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

የሚጠየቅበትም ስፍራ አለ። ሰው ሲሞት የሚሰበሰበው ቅሬ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ ቢሰበሰብና አስተማሪው መዝገቡን ይዞ ቢገኝ፤ የየቤቱ ሰብል መቼ እንደሚደርስ ቢጠየቅ፤ ደቦው በተቻለ መጠን ቅዳሜ እንዲሆን፤ የዝንጀሮው ጥበቃ በጎልማሶች ተራ እንዲያዝ፤ ደወሉ ለስድስት ሳምንት በአራት ሰዓት እንዲሆን ቢስማሙ፤ ሥራው በአንድ ጀንበር ያልቃል። ስምምነቱን የሚጽፈው ሽማግሌ ነው፤ በተማሪ ቤቱም በር ላይ ይለጠፋል። ሁለት ልጆች ያሉት ቤት በፈረቃ፤ አንዱ ጧት አንዱ ከቀትር በኋላ፤ ቢያስተምር ደግሞ በሬውም ፍየሉም ያለ ጠባቂ አይቀርም። የዘነበ ቀን ግን ስምምነቱ ይቀራል፤ ያን ቀን አስተማሪው ራሱ ማጭድ ይዞ ቢወርድ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ወደ ምሳሌው ቤት ስንመለከት፤ ታኅሣሥ 10 ቀን ገደማ ማሽላው በአውድማው ላይ ይሰፈራል። አባትየው በእያንዳንዱ ቁና አንድ ጠጠር ወደ ጎን ያኖራል፤ አባቱም እንደዚሁ ያደርግ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ በደብተሩ ላይ መሥመር ያሰምራል። ሲያበቃ ልጁ «መቶ ዐሥራ ዘጠኝ» ብሎ አነበበ። አባትየው ጠጠሩን ቈጠረ፤ መቶ ሃያ ሆነ። እናቲቱ ሳቀች። እህሉ ከጆንያው ወጥቶ ዳግመኛ ተሰፈረ፤ መቶ ሃያ ነበር፤ ልጁ በሬው ወደ ክምሩ ሲጠጋ ዞር ብሎ በተመለከተበት ጊዜ አንድ ቁና አምልጦታል። ቍጥሩን ሰርዞ ከበላዩ አስተካክሎ ጻፈና ደብተሩን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ይዟቸው ወረደ።